እትዬ ቀስ እና የተናደደው ቱቦ

በዚህች ምድር ላይ «ቀስ!» ባይ የሌለበት ቤት የለም። በር ስትዘጋ «ቀስ!»፣ ወንበር ስትስብ «ቀስ!»፣ ስታስነጥስ እንኳ «ቀስ በል እንጂ!» ይልሃል። ሌላው ሰው ተራ ቀስ ባይ ነው የደረሰው። የእኛ ላቦራቶሪ ግን የቀስ ባዮች ሁሉ የበላይ የሆኑትን ክብርት እትዬ ቀስን ታድሏል።

እትዬ ቀስ የክፍላችን አለቃ ናቸው። ሥራችን ለሰሚው ግር ይላል። ደም ውስጥ ፕላትሌት የሚባሉ፣ ስንቆስል ተሰባስበው ደም የሚያቆሙ ደቃቆች አሉ። እነዚህ ሲቆጡ ከላያቸው ፍርፋሪ ያራግፋሉ። ፍርፋሪው በጣም ከማነሱ የተነሳ ተራ ማይክሮስኮፕ አያገኘውም፤ እኛ ቀለም እናስይዘውና በጨረር ፊት አንድ በአንድ እናሳልፈዋለን፣ ማሽኑም ብልጭ ያለውን ይቆጥራል። ከበዛ ሐኪሙ «የዚህ ሰው ደም ሊረጋ ይሆን?» ብሎ ይሰጋል። ጣጣው ፕላትሌት ኩርፊያ መውደዱ ነው። ቱቦውን ከነቀነቅከው እዚያው ተቆጥቶ ይፈረፈራል፤ ማሽኑ ደግሞ የበሽታውን ፍርፋሪ ካንተ ፍርፋሪ አይለይም።

«ተናደዱ እኮ!» ይላሉ እትዬ ቀስ፣ አንድ ሰው ቱቦ ይዞ ትንሽ ፈጠን ሲል። መጀመሪያ የተቀዳውን ቱቦ ያስደፉታል፣ «እሱ መርፌ አይቶ የደነገጠ ነው» ብለው። ደም የሚያሽከረክረውን ማሽን በፍሬን ማቆም ክልክል ነው፤ በራሱ ጊዜ እስኪቆም ድረስ እጃችንን አጣምረን እንደ ለቀስተኛ እንቆማለን። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ስለነዘረ አንድ ሳምንት አኩርፈውኛል። ሳቅ ሲመጣብን ኮሪደር ወጥተን ስቀን እንመለሳለን። ልጃቸው እንደነገረችኝ ቤታቸው ሻይ አይማሰልም፤ ስኳሩ ደስ ሲለው ይሟሟል።

በዚህ መሃል ለላቦራቶሪው በሙሉ፣ ከእትዬ ቀስም በላይ፣ አዲስ ኃላፊ ተሾመልን። ወጣት ነው፣ ደረጃ ሲወጣ ሁለት ሁለቱን ነው የሚዘልለው። ስሙን ወዲያው ዶክተር ቶሎ አልነው።

«እትዬ፣ ውጤት የሚዘገየው በእርስዎ ነው» አላቸው በመጣ በሳምንቱ። «ደም ደም ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከየክሊኒኩ በሞተር ቢመጣልንስ?»

«በሞተር?!» አሉ እትዬ ቀስ፣ ልጃቸውን በሞተር ሊወስድባቸው የመጣ ይመስል።

«እንሞክረዋ። አንድ ሰው፣ ሁለት ቱቦ። አንዱን እኔ እንደ ልማዴ ደረጃውን ይዤ ወደ ማሽኑ እወጣለሁ፣ አንዱን እርስዎ። የእኔ ከእርስዎ ካልባሰ ሽንት መቀበያው መስኮት ላይ አስቀምጥዎታለሁ። እዚያ የሚናደድ ነገር የለም።»

እትዬ ቀስ ፊታቸው ልውጥ አለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የለፉበት ሥራ ነው። «እሺ» አሉ ብቻ።

ደም ሰጪው እኔ ሆንኩ። የሰው ክንድ ስወጋ የኖርኩ ጀግና ነኝ፤ የራሴን ደም ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ምድር ቤት ደም መቅጃው ክፍል ሲስተር ሁለቱን ቱቦ ሞልታ አንዱን ለዶክተር ቶሎ፣ አንዱን ለእትዬ ቀስ ሰጠች። ዶክተሩ የራሱን ይዞ ማሽኑ ወዳለበት ፎቅ ወጣ። እኔ ወደ ሁለተኛው ቱቦ ቀና ብዬ አየሁና ከወንበሩ ተንሸራትቼ ወለሉ ላይ ተዘረርኩ።

የቀረውን የነገረችኝ ሲስተር ናት። እትዬ ቀስ ሮጠው፣ በመካከል የነበረውን በርጩማ ዘለው ነው አሉ የደረሱብኝ። ቱቦውን በጨበጠው እጃቸው ትከሻዬን ይዘው «ተነስ! ኧረ ተነስ ልጄ! ወየው ጉዴ!» እያሉ እንደ ወንፊት ወዘወዙኝ።

ዓይኔን ስገልጥ «እትዬ፣ ቱቦው!» አልኩ። አዩት። አረፋ ደፍቋል።

«ሲስተር፣ ሌላ ቅጂልኝ» አልኩ ክንዴን ዘርግቼ።

«አርፈህ ተኛ!» ብለው ጮኹብኝ፤ ሲጮኹ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ከዚህ ልጅ አንዲት ጠብታ የሚነካ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው!» ከዚያ ያንን የተናጠ ቱቦ ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ላይ ወጡ። አንጀቴን በሉት።

ግድግዳ ተደግፌ ስደርስ ውጤቱ ወጥቷል። የዶክተር ቶሎ ስክሪን ላይ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ አለ። የእትዬ ቀስ ደግሞ ንብ የሰፈረበት ይመስላል።

«አላልኩም!» ዶክተሩ ተፍነከነከ። «የእርስዎ ነው የባሰው! ቀስ ማለት ምን ጠቀመ?»

«ለመሆኑ አንተ እንዴት አድርገህ አመጣኸው?» አልኩት፣ ኃላፊዬ መሆኑን ረስቼ።

«እንዴትማ! መሸነፍ ስለማልወድ በሁለት እጄ ታቅፌ፣ ደረጃውን አንድ አንድ እያልኩ፣ ሰው እንዳይገፋኝ ጥግ ጥጉን ይዤ፣ ቀስ…»

ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

«የእትዬ ቱቦ ደግሞ እኔን ሲቀሰቅስ ነበር» አልኩ።

ዶክተር ቶሎ አንዱን ስክሪን አየ፣ ሌላውን አየ። ጆሮው ቀላ። «ሞተሩ ይቅር» አለ፤ ቀጥሎም በሩን ከፍቶ ወጣና ሲዘጋው አንዲት ድምፅ አላሰማም።

እትዬ ቀስ እስከ ዛሬ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ያንን ቱቦ ስናነሳባቸው «ተውኝ እስቲ፣ ያን ቀን የተናደድኩት እኔ ነኝ» ይላሉ። እኔን ግን አሁንም በየደቂቃው «ቀስ!» ይሉኛል፤ ሲሉኝም ደስ ይለኛል። በሕይወታቸው ሮጠው የሚያውቁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ያም ሰው ራሱን ስቶ ስለነበር ሳያያቸው ቀረ።