የማን ቀኝ?

ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ ያለው ሰው ስቶ አያውቅም፤ የምትስተው ጠመንጃዋ ናት። ባለቤቱማ ምን ያድርግ? አነጣጥሯል፣ ትንፋሹን ይዟል፣ ቃታውን ስቧል። ቀሪው የብረቷ ጠባይ ነው። እኔ ጠመንጃ ስለሌለኝ ስህተቴ ሁሉ በራሴ ስም ይመዘገባል።

አምበር አጠገብ የሚኖሩት አማቴ ግን ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ አለቻቸው። ከአያታቸው የወረሷት፣ ባሩድና አረሩ በአፏ ገብቶ በዘንግ የሚጠቀጠቅላት አሮጊት ናት። አንዱ አፈሙዝ ወደ ደምበጫ፣ አንዱ ወደ ሉማሜ ይተኩሳል እያሉ ጎረቤቶቻቸው ያሟታል።

የመጨረሻ ልጃቸው የሰርግ ቀን ሲቆረጥ አማቴ እንቅልፍ አጡ። የሙሽራው ወገኖች ዒላማ ሲመቱ የሙሽሪት አባት ቆሞ አያይም፤ መልስ መስጠት አለበት። ያን ቀን ከሳተች ግድግዳ ላይ ሰቅለው ዳግመኛ ላይነኳት ማሉ። እኔም ጥልቅ አልኩ። ትልቋን ልጃቸውን ካገባሁ ሰባት ዓመቴ ነው፤ እስከዚያ ቀን "መምህሩ" እንጂ "ልጄ" ብለውኝ አያውቁም። ደብረ ማርቆስ ሒሳብ አስተምራለሁ ስላቸው እንደ ታመመ ሰው ያዝኑልኛል። ታዲያ በዚህ ካልተወደድኩ በምን ልወደድ ነው?

ባሩዱን ምን ያህል እንደሚያደርጉ ብጠይቃቸው፣ እስክትጠግብ ነው አሉኝ። ሳይንስ ሥራ የሚጀምረው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። የአረቄ መለኪያ ወስጄ በእስክሪብቶ አሰመርኩበት። ሦስት ቅዳሜ ከገደሉ ሥር ነጭ ድንጋይ አቁመን እኔ ሰደፏን መሬት አስደግፌ፣ ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ አጎርሳለሁ፤ እሳቸው ይተኩሳሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። አረሩን የምንጠቀልልበት ጨርቅ የተቀደደው ከባለቤቴ ነጠላ ነው። ነጠላው እስካሁን እየተፈለገ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ድንጋዩ በሁለቱም አፈሙዝ ተመታ። እኔም ደብተሬ ላይ "ቀኝ ግማሽ፣ ግራ ከግማሽ ከፍ ያለ" ብዬ ጽፌ ደስ ብሎኝ ደብተሩን ለእሳቸው ሰጠሁ።

በሰርጉ ዕለት እኔ ወንበር ሳመላልስ እሳቸው ደብተሩን እያነበቡ ራሳቸው አጎረሱ። ሊተኩሱ ሲሉ የቀኙን አፈሙዝ መታ መታ አድርገው ግማሽ መጉረሱን አበሰሩኝ። ያኔ ስህተቴ ገባኝ። እኔ የጻፍኩት ከጠመንጃዋ ፊት ለፊት ቆሜ ነበር፤ የእኔ ቀኝ የእሳቸው ግራ ነው። ልኩ ልክ ነበር፤ የማን ቀኝ እንደሆነ ግን አልጻፍኩም። ልናገር? የሁለት ወገን ሽማግሌ በተሰበሰበበት "አባባ፣ ቀኝዎን ይቀይሩ" ይባላል? ወንበሬን ተሸክሜ ዳር ቆምኩ።

የመጀመሪያው ከድንጋዩ ወዲህ፣ ሁለተኛው ከድንጋዩ ወዲያ አቧራ አስነሳ። ድንጋዩ ከመካከል ንቅንቅ አላለም።

አማቴ ጠመንጃዋን በቀስታ አስደግፈው መጡና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። ከዚያ ለሙሽራው ሽማግሌዎች ብረቷ ደህና እንደሆነች፣ የእሳቸውም ዓይን ደህና እንደሆነ ካስረዱ በኋላ፣ "ባሩዱን የለካው ግን ይኼ ልጄ ነው" አሉ።

ሰባት ዓመት የጠበቅኳት ቃል በሰርገኛ ሁሉ ፊት ተሰጠችኝ። ጠመንጃዋም አልተሰቀለችም፤ ያን ቀን የሳትኩት እኔ ነኛ።