መካከለኛው ዘመን ላይ ወራጅ አለ

ግባ፣ ግባ፣ አንድ ሰው ነው የቀረው! እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉለት። ቦርሳህን እግርህ ሥር አድርገው፤ የዘይት ጀሪካኗን ግን አትንካት፣ ሱሪህን ታበላሽብሃለች። ይኸው ሞላን። መሙላት ማለት በባጃጅ ቋንቋ ታሪክ ተጀመረ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ቅድመ ታሪክ ነው፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ መጮህ፣ የሰውን እግር እያዩ ወደኔ ነው ወይስ ወደ ጎረቤቴ ባጃጅ የሚያዘነብለው እያሉ መገመት።

ታሪክ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። «መካከለኛው ዘመን» ሲባል ሰምታችኋል አይደል? ለመሆኑ በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ሲታጠብ «ዛሬም መካከለኛው ዘመን ነው» ይል ነበር? መሃል መሆኑን በምን ያውቃል? እኔ በሥራዬ የማውቀው መሃል አንድ ብቻ ነው፤ የባጃጅ የኋላ ወንበር መሃል። እዚያ የተቀመጠ ሰው መሃል መሆኑን ነጋሪ አያስፈልገውም፣ ግራና ቀኝ ትከሻው ይነግረዋል። የዘመን ግን ግራው ተሳፍሮ ቀኙ ገና አልመጣም። ታዲያ ለእነዚያ ምስኪኖች ስም ያወጣላቸው ማነው? ከእነሱ በኋላ የተሳፈረው ነው። እንዲህ ከሆነ ለኛም የሚያወጣልን እየመጣ ነው ማለት ነው። ምን ብሎ ይሆን?

ይህ ጥያቄ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደብኝም። ያመጡብኝ ወይዘሮ ዓለሚቱ ናቸው።

ወይዘሮ ዓለሚቱ አሞራ ገደል አካባቢ የሚኖሩ፣ ቀን ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ፣ ማታ ማታ ደግሞ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆኑ ደንበኛዬ ናቸው። ልጆቻቸውን አስተምረው ከጨረሱ በኋላ ነው ደብተሩን ለራሳቸው የገዙት። መሥሪያ ቤቱ ፎቅ ነው። ሊፍት አለው ይባላል። እሳቸው ግን ፋይል ታቅፈው በደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ጉልበታቸው አልቋል። አሁን መዝገብ ቤት ውስጥ አንድ ቦታ ተከፍቷል፤ ወንበር ያለው ቦታ። አለቃቸው «የአሥረኛ ክፍል ማስረጃ ያምጡና ወንበሩ የእርስዎ ነው» ብለዋቸዋል። ሌላውን ትምህርት ሁሉ ይወጡታል፤ አምና የጣላቸው ታሪክ ብቻ ነው። ዘንድሮም ከጣላቸው ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ነገሩን ለኔ ሲያስረዱኝ እንዲህ ነበር ያሉት፤ «ካለፍኩ እቀመጣለሁ፤ ከወደቅኩ ደረጃ እወጣለሁ።»

ወድቆ ደረጃ የሚወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም የዚያን ቀን ነው የሰማሁት።

የኔ ስም ታሪኩ ነው። ከታሪክ ጋር ያለኝ ዝምድና እስከዚያ ድረስ በስም ብቻ ነበር። እሳቸው ዓለሚቱ፣ እኔ ታሪኩ፤ ሁለታችንን አንድ ባጃጅ ላይ ስትጭኑን የዓለም ታሪክ እንሆናለን። ይህን ቀልድ ነግሬያቸው ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ተጣበቁብኝ። «እንግዲያማ ጠይቀኝ፣ ታሪኩ» ይሉኛል ገና ሳይቀመጡ። እኔ ስነዳ ማንበብ አልችል፣ እሳቸው ሲያነቡ ማስታወስ አልቻሉ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ የመምህሩ ማብራሪያ በአማርኛ ነው፣ ሲጠፋባቸው የሚናደዱት ደግሞ በሲዳምኛ ነው። አንድ ቀን ሦስቱም ቋንቋ አለቀባቸውና «ይሄ ዘመን ከዚያ ዘመን በፊት ነው በኋላ? ሁሉም አልፏል አይደል እንዴ! ያለፈ ነገር ተራ ምን ያደርግለታል?» አሉኝ።

«ማዘር» አልኳቸው፣ «ከአሞራ ገደል ተነስተን ትምህርት ቤቱ እስክንደርስ ፌርማታዎቹን ይንገሩኝ እስቲ።»

በአንድ ትንፋሽ ዘረገፉልኝ። «ይሄንንማ ማን ያጣዋል!»

«እንግዲያውስ ታሪክም መስመር ነው።»

በዚያው ምሽት እሳቸው የዘመኖቹን ስም ከደብተራቸው በተራ እያነበቡልኝ የዓለምን ታሪክ ሐዋሳ ላይ ዘረጋነው። የድንጋይ ዘመንን አሞራ ገደል ላይ ተከልነው። እሳት ከመገኘቱ በፊት ሰው ያገኘውን በጥሬው ይበላ ነበር ይላል መጽሐፉ። አሞራ ገደል ደግሞ እሳት ከተገኘ በኋላም፣ ኤሌክትሪክ ከገባ በኋላም፣ ከሐይቁ የወጣውን ዓሣ ሰንጥቆ በዳጣ በጥሬው የሚበላ ሕዝብ አለ። እኔም አለሁበት። ቀጥሎ ጉዱማሌ፣ ሐይቁ ዳር ያለው የበዓል ሜዳ፣ የጥንት ሥልጣኔ። ግብፅና ባቢሎን ውኃ ዳር ሆነው ሰማይ እያዩ ዘመን ቆጠሩ ስላቸው ወይዘሮ ዓለሚቱ በጣም ነው የገረማቸው። «የኛ ሽማግሌዎችስ? ከዋክብት አይተው አይደል ዘመን መለወጫችን ፍቼ በዚህ ቀን ነው የሚሉን?» እውነታቸውን ነው። ውኃ አለ፣ ሰማይ አለ፣ ዘመን ቆጣሪ አለ። የጎደለው ፒራሚድ ነው፤ ለእሱ ታቦር ተራራን አዋስናቸው።

ከጉዱማሌ ወጣ ስንል አጥሩ ሰማይ ጠቀስ የሆነ ግቢ አለ። የማን እንደሆነ አላውቅም። አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ፣ በሩ ላይ ዘበኛ፣ ዘበኛው ላይ ካፖርት። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ሳያስበው ገባር ይመስላል። መካከለኛው ዘመን እሱ ሆነ።

ከእሱ ቀጥሎ ያለው ፌርማታ እሳቸው የሚያመልኩበት ቸርች ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ተቸገርን።

«ዳግም ልደት ምንድነው?» ብዬ ብጠይቃቸው ከት ብለው ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ እኔን ነው ዳግም ልደት የምትጠይቀኝ? ከተወለድኩ ስንት ዘመኔ!»

«ማዘር፣ ይሄኛው ሬኔሳንስ የሚሉት፣ የሥዕልና የሳይንስ ነው። የተወለደችው አውሮፓ ናት።»

«ትወለድ እንጂ፣ ማን ጠላ! ንስሐስ ገብታለች?»

ይሄ መጽሐፉ ላይ የለም። ብቻ ዳግም ልደትንም ተሐድሶንም እዚያው ቸርቹ በር ላይ አወረድናቸው፤ አንድ ፌርማታ፣ ሁለት ወራጅ። ፒያሳ የአሳሾችና የነጋዴዎች ዘመን ሆነች። መርከብ ጭኖ የሰው አገር ሄዶ «እኔ ነኝ ያገኘሁት» ማለት ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ የፒያሳ ደላላም ሰው እየኖረበት ያለውን ቤት «እኔ ነኝ ያገኘሁት» ይላል። የፋብሪካ ልጆች ሰርቪስ የሚጠብቁበት ማዞሪያ የኢንዱስትሪ አብዮት ነው። የትምህርት ቤቱ በር ደግሞ የዓለም ጦርነት። እዚያ ያለውን የባጃጅ ተራ ያየ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም፤ አንዱ ተራ ይዘልላል፣ አንዱ ይሰድበዋል፣ የዚህ ጓደኛ ይገባል፣ የዚያ ጓደኛ ይገባል፣ ትንሽ ቆይቶ ነገሩ በማን እንደተጀመረ የሚያውቅ የለም፣ ሁሉም ግን እየተዋጋ ነው።

ሳምንታት እንዲህ ሄድን። አንድ ቀን ያ ግንብ አጥር ጋ ስንደርስ «ለመሆኑ አንተ የት ላይ ነው የወረድከው?» አሉኝ።

«ከምኑ?»

«ከትምህርቱ ነዋ!»

«እዚሁ ላይ» አልኩ። «መካከለኛው ዘመን።»

ቀልድ አልነበረም። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የባላባት ግንብ እየሳለ ነበር፣ የትምህርት ቤታችን አጥር ዝቅ ያለ ነበር፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ባጃጁን የሚያስነዳኝ ጎረምሳ ቆሞ ነበር። እኔ እንደምታዩኝ አንድ ቦታ መርጋት አልወድም። በዚያው ወጣሁ። አውሮፓ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ግንቡ ውስጥ እንደተቆለፈባት ቀረች። መውጣታቸውንማ አውቃለሁ፤ ኳሳቸውን በቴሌቪዥን አያለሁ። ከወይዘሮ ዓለሚቱ ደብተር የዘመኖቹን ስም ለቀምኩ እንጂ እንዴት እንደወጡ አላወቅኩም።

ወይዘሮ ዓለሚቱ አልሳቁም። «ታዲያ አያጓጓህም?» አሉኝ። መልስ ልሰጥ ስል ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። ትራፊክ ፖሊስ ሰው ሲያድን ያየሁት ያኔ ነው።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ወይዘሮ ዓለሚቱ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ከኋላዬ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፤ ከጎጃም የመጣ ልጅ ነው። አሞራ ገደልን በሰላም ለቀቅን። ጉዱማሌ ልንደርስ ስንል መንገዱ የለም! ሌሊቱን ተቆፍሮ አድሯል። ገመድ ተወጥሯል፣ አፈር ተቆልሏል፣ ቁፋሮውን የሚያይ ሰው ከሚቆፍረው ይበልጣል። እኔ የባጃጅ ሰው ነኝ፣ መንገድ ሲዘጋ አላስብም፣ እጥፋለሁ። በሰፈር ውስጥ ለውስጥ ተሹለክልኬ ብቅ ስል ሰርቪስ መጠበቂያው ማዞሪያ ላይ ነኝ።

«አንተ ልጅ!» የሚል ጩኸት ከኋላዬ። «የኢንዱስትሪ አብዮት ከየት መጣ? ገና ግብፅ አልደረስንም እኮ!»

«መንገድ ተዘግቶ ነው፣ ማዘር!»

«መልሰኝ! ወደ ድንጋይ ዘመን መልሰኝ!» ከዚያ በኋላ ያለው በሲዳምኛ ነው። ሁሉም አልገባኝም፤ ስሜ ግን ደጋግሞ ተጠርቷል።

ተማሪው ማዳመጫውን ነቀለ። ድንጋይ ዘመን መልሱኝ የሚል ተሳፋሪ በየቀኑ አይገኝም። ነገሩን በአጭሩ ነገርኩት። «እናቴ፣ አይጨነቁ» አለ፣ «ታሪክ እንዲያውም ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ዘመኑን እንዲህ የከፋፈሉት አውሮፓውያን ናቸው። እነሱ ጨለማ ባሉት ዘመን እኛ አለት ፈልፍለን...»

«ወንድሜ!» አልኩት፣ «ይሄን ለሰኞ አቆየው። ፈተናቸው ዛሬ ነው!»

ልመለስ ብል ሰዓቱ ያልፋል፤ በር ከተዘጋ ደግሞ ወንበሩም አብሮ ተዘጋ። ብቀጥል ዓለም ተዘበራርቃ ትገባለች። በመስታወቱ አየኋቸው። ከንፈራቸው ቆሟል። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ማዘር፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

«ምን?»

«ይጨፍኑ! መንገዱን እኔ እጠራለሁ።» ከዚያ በሙሉ ድምፄ፣ ተራ ላይ ሰው እንደምጠራው፣ «አሞራ ገደል!» አልኩ።

«የድንጋይ ዘመን» አሉ።

«ጉዱማሌ!» ግንባራቸውን ጨምድደው ይፈልጋሉ። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብተን ወጣን። ያኔ ተማሪው፣ ይባርከውና፣ «ጉዱማሌ ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። «ግብፅ! ባቢሎን!» አሉ እሳቸው ተከትለው። ግንቡ ጋ ወረድን፣ ቸርቹ ጋ ሁለቴ ወረድን። በእውነተኛው መንገድ ገበያተኛና ፍየል እያለፍን፣ በእሳቸው መንገድ ግን ሁሉም ነገር በተራው እየመጣ ሄድን። መንገደኛው ቆሞ ያየናል። ማንም ሳይወርድ «ወራጅ!» እያለ የሚጮህ ባጃጅ አይቶ አያውቅማ። ልጁ መውረጃውን ከጀርባው ጥሎት እንደመጣ ያወቀው የዓለም ጦርነት ላይ ደርሰን ነው። ወይዘሮ ዓለሚቱ ዓይናቸውን ገልጠው ነጠላቸውን ሰብስበው ሳይሰናበቱን ገቡ።

አለፉ። ለጥቂት ነው ግን አለፉ። መምህሩ ወረቀቱን ሲመልሱላቸው አንድ ነገር ጠይቀዋቸዋል። ዳግም ልደት የት ተጀመረ ለሚለው ጥያቄ ወይዘሮ ዓለሚቱ በእንግሊዝኛ ፊደል አስተካክለው የጻፉት መልስ «ፒያሳ» የሚል ነበር። «ምን ለማለት ነው?» ቢሏቸው «የአገሩ ስም ጠፋኝ፤ ከፒያሳ በፊት መሆኑን ግን አውቃለሁ» አሏቸው። መምህሩ ሲስቁ ቆይተው፣ ፒያሳ የጣልያን ቃል ነው፣ ጣልያን ማለታቸው ይሆናል ብለው ግማሽ ማርክ ሰጧቸው። ያቺ ግማሽ ባትኖር ደረጃው ይጠብቃቸው ነበር። አሁን መዝገብ ቤት ቁጭ ብለዋል። ወንበሩ ይሽከረከራል አሉኝ።

እኔ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። ወንበር ያገኘ ሰው ትምህርት ቤት ምን ይሠራል? ትናንት ግን የማታው ምዝገባ በር ላይ አድርሰኝ አሉኝ። «አሥራ አንደኛ ልመዘገብ ነው» አሉ። «ከጦርነቱ በኋላ ምን እንደሆነ ሳላውቅማ አልወርድም።» አወረድኳቸውና ተራዬን ይዤ መጥራት ጀመርኩ፤ ፒያሳ፣ ፒያሳ፣ አንድ ሰው የቀረው!

ትንሽ ቆይቶ ከበሩ ብቅ አሉ። ከኋላቸው መዝጋቢው ዝርዝሩን ይዞ ቆሟል፣ ባጃጅ ነጂ ጓደኞቼ በሙሉ እያዩ ነው። ወይዘሮ ዓለሚቱ አንድ እጃቸውን በሩ ላይ፣ አንድ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ልክ በኔ ድምፅ፣ በኔው ዜማ፣ ተራውን ሁሉ ጸጥ ያሰኘ ጩኸት ጮኹ፤

«ዘጠነኛ፣ ዘጠነኛ፣ በመካከለኛው ዘመን! አንድ ሰው ነው የቀረው፣ ሊሄድ ነው! ታሪኩ፣ ትገባለህ ወይስ ሌላ ሰው ልጥራ?»