ጠብታ ያልተሰጠው ወይን

ዝናብ የቀረበት ዓመት ነበር። ከመቂ ወደ ባቱ በሚወስደው መንገድ ዳር የአቶ ፍሥሐጽዮን የወይን እርሻ ቅጠሉ ሲጠወልግ፣ ሐይቁ ከሩቅ ያብለጨልጭ ነበር። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ይኸው ነው። ሐይቁ ከዳርቻው ሸሽቶ ፓምፑ ጭቃ መትፋት ከጀመረ ሰንብቷል። የቀረው አንድ ጉድጓድ ሲሆን፣ እሱም ለሁሉ አይዳረስም።

አቶ ፍሥሐጽዮን ክፉ ሰው አልነበሩም። ውኃው የማን እንደሆነ ግን ጠንቅቀው ያውቃሉ። የየማሳውን ካቦ ሰብስበው፣ "ጉድጓዱ ለገበያው ወይን ይሁን። ሲራው ራሱን ይቻል" አሉ። ሲራ የሚሉት ከላይኛው ጥግ፣ ድንጋዩ ላይ የበቀለውን ጥቁር ወይን ነው፤ ሦስት መቶ እግር እንኳ አይሞላም። "ከቻለ ይኖራል። ካልቻለ ነቅለን ሽንኩርት እንተክልበታለን።"

የዚያ ማሳ ካቦ ዘነበወርቅ ነበረች። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ችግኙን በገዛ እጇ የተከለችው እሷ ናት። የትኛው ግንድ ወደ ቀኝ እንደሚያዘነብል፣ የትኛው ዘግይቶ እንደሚጠቁር እንደ ልጅ ጠባይ ታውቀዋለች። 

"እሺ ጌታዬ፣ ይቻል" አለች፤ አቀርቅራ። እሺ ያለን ሰው ማን ይጠረጥራል?

ለሠራተኛው የሚጠጣ ውኃ በየቀኑ በቦቴ ይመጣል። ለአንድ ሰው አንድ ጀሪካን ነው፤ ለመጠጡም፣ ለወጡም፣ ለፊቱም። ዘነበወርቅ በዚያ ቀን ከድርሻዋ ግማሽ ሊትር ቀንሳ በሃይላንድ ሞላች። ክዳኑን በመርፌ በሳችና ሥራ ሲለቀቅ ከአንዱ ግንድ ሥር ዘቅዝቃ ቀበረችው። ውኃው ጠብ ጠብ ሲል ያድራል፤ ፀሐይም አያየው፣ አለቃም አያየው። በማግስቱ ለሁለተኛው ቀበረች፤ በሦስተኛው ቀን ለሦስተኛው።

በአምስተኛው ቀን ሃይላንዷን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ስትሄድ፣ ያልነካችው ግንድ ሥር አፈሩ ተቆፍሮ ተመልሷል። ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው፤ እርጥብ ነው። የማን እጅ እንደሆነ አልጠየቀችም። በሳምንቱ መጨረሻ በማሳው ከሚሠሩት ሃያ አራት ሴቶች ፊቷን በወጉ የምትታጠብ አልነበረችም። ስብሰባ አልተጠራም፣ ቃለ መሐላም የለም፤ ግን እያንዳንዷ ወደ አሥራ ሁለት እግር ወይን አላት። አንዷ ስትታመም ጎረቤቷ የእሷንም ደርባ ታጠጣለች።

ቢፍቱ የምትባለው አራስ ነበረች። ዘነበወርቅ ጠርታ፣ "አንቺ ተይው፤ ውኃው ለወተትሽ ነው" አለቻት።

"እትዬ ዘነበ፣ እኔ ብቻ ካልሰጠሁ ከእናንተ ጋር ምን ልባል?" አለች ቢፍቱ፤ ቅር ብሏት ነበር። ሁለት እግር ተሰጣት፤ እሷም አራት አደረገችው።

ቦቴውን ከሚነዱት ከጋሽ ቱፋ ዓይን የሚያመልጥ የለም። አንድ ጠዋት ቱቦውን ጀሪካን ላይ ደግነው፣ "ዘንድሮ ሴቶቹ ፊት መታጠብ ተዋችሁ እንዴ?" አሉ።

"እኛን ሊያይ ማን ይመጣል ብለው ነው ጋሼ?" አለች ዘነበወርቅ።

"አይ ዘነበ! ዝናቡ ስምሽ ላይ ብቻ ቀረ።"

"እዚያም ቢሆን ይቆይልኝ።"

ጋሽ ቱፋ ሳቁና ቱቦውን ዘግየት ብለው አነሱት። ከዚያ ወዲህ የላይኛው ማሳ ጀሪካኖች ሁልጊዜ እስኪፈሱ ድረስ ይሞሉ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ እርሻው ሁሉ የሚያውቀውን አቶ ፍሥሐጽዮን ብቻ ሳይሰሙት ከረሙ።

በመስከረም ጉድጓዱ ነጠፈ። ጠግቦ የኖረው የገበያ ወይን መጠማትን አያውቅበትምና፣ በሁለት ሳምንት ቅጠሉን አራገፈ። ላይኛው ጥግ ያለው ሲራ ግን ቆመ። ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም፣ ጥቁረቱ የሚያስፈራ ነበር። ጌታው በኅዳር መጥተው አዩት፤ አንዷን ፍሬ ቀመሱ፤ ከዚያ የሰዎቹን ትከሻ ሳይሆን የግንዱን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። ሽንኩርቱ ተረሳ።

ከዚያ ማሳ ሁለት መቶ ጠርሙስ ወጣ። የተለጠፈበት ወረቀት "ኦርጋኒክ፤ ምንም ያልተጨመረበት" ይላል። ዋጋው ደግሞ የሚጠጡት እንጂ የሚተክሉት የማይጠይቁት ነው።

በዓመቱ ሚያዝያ ላይ እርሻው ውስጥ ዳስ ተጥሎ ከአዲስ አበባ እንግዶች ተጠሩ፤ የሆቴል ሰዎች፣ ነጋዴዎች፣ ወይን አውቃለሁ ባዮች። ሴቶቹ ነጭ ሽርጥ ታጥቀው ምሳ ያቀርባሉ። እንግዶቹ አሸተቱ፣ አፋቸው ውስጥ አንከባለሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ድርቁ ነው እንዲህ ያሳመረው" አለ አንዱ። ሌሎቹም ተቀበሉት። ጥላ ሥር ተቀምጦ ድርቅን ማመስገን ቀላል ነው።

አቶ ፍሥሐጽዮን ደስታው አላስቀምጥ ብሏቸው ተነሡ። "ምሥጢሩ ጥማት ነው! እኛ ስናዝንለት ኖረን ነው ያሰነፍነው። ከዚህ በኋላ ማሳውን ሁሉ እንዲሁ እናስለምደዋለን። ቦቴውንም ከነገ ጀምሮ አቆማለሁ፤ ሁለት ሰዓት ቢያስኬድም ወንዝ አለ። ሰውም ቢሆን ሲለምድ ይችላል።"

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ቢፍቱ ልጇን እንዳዘለች፣ የያዘችውን ትሪ ሳታስቀምጥ ዘነበወርቅን አየቻት። ሃያ ሦስቱም አዩዋት።

ከእንግዶቹ መካከል ሸምገል ያሉት የሆቴል ባለቤት ብርጭቋቸውን ወደ ብርሃን አነሡ። "ፍሥሐ፣ እውነት ጠብታ ውኃ አላገኘም? እኔ እንጃ፤ ጨርሶ የተጠማ ነገር እንዲህ አይለሰልስም።"

"ካቦዋ ትመስክራ!" አሉ አቶ ፍሥሐጽዮን እየሳቁ። "ዘነበ፣ ነይ ንገሪያቸው። ጠብታ ሰጥተነዋል?"

ዘነበወርቅ ወደ ፊት ወጣች። አጠጥተነዋል ብትል ትእዛዝ ጥሳለችና እንጀራዋ አበቃ፤ የሃያ ሦስቱም ጭምር። አልጠጣም ብትል ከነገ ጀምሮ ቦቴው አይመጣም። ፈርታለች፤ መፍራቷንም አልደበቀችም። እጇን በሽርጧ ጠረገችና እንደ ወጉ እጅ ነሣች።

"ጌታዬ፣ ሰማይም አልሰጠውም፣ እርስዎም አልሰጡትም" አለች። "እሱ ግን አንድም ቀን ተጠምቶ አላደረም።"