በአንድ ሥዕል ላይ የተደረገ አውጫጭኝ

የሰው ልጅ ብዙ ነገር አግኝቷል። እሳትን አግኝቷል፤ መንኰራኵርን አግኝቷል፤ የዓባይን ምንጭ እንኳ፣ አጠገቡ ያሉት ሰዎች ለዘመናት ሲጠጡት ቢኖሩም፣ ከሩቅ የመጣ መንገደኛ እንደገና አግኝቶታል። በደብረ ታቦር ከተማ፣ ስሙን መጥራት አስፈላጊ ሆኖ ባልተገኘ አንድ መሥሪያ ቤት የባህል ኃላፊ የነበሩት ጓድ ዘውዱ ደግሞ፣ አብዮቱ ዘጠነኛ ዓመቱን ሊይዝ በተቃረበበት ክረምት አንድ ዘመናዊ ረቂቅ ሠዓሊ አገኙ።

ግኝቱ የአጋጣሚ ነገር አልነበረም። ከበላይ አካል በመጣ መመሪያ «ዘመናዊ የኪነ ጥበብ ሰው ፈልጋችሁ አግኙ፤ ሥራውንም ለአብዮቱ በዓል አድርሱ» ተብሏል። መመሪያ ከመጣ ደግሞ ሰው አይጠፋም። የተገኘው ሰው ጌጡ ይባላል። አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ ተመልሶ፣ በከተማው ትምህርት ቤት እያስተማረ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ከእናቱ ከወይዘሮ ዘነበች ጋር ይኖራል፤ ስለዚህ ፍለጋው ብዙ ስንቅ አልጠየቀም። አንድ ጣቃ አቡጀዲና ከሰልፍ መፈክር የተረፈ ቀለም ተሰጠው።

ለጓድ ዘውዱ ሥዕል ማለት ግልጽ ነገር ነው። በግራ ወዛደር መዶሻ ይዞ ይቆማል፤ በቀኝ ገበሬ ማጭድ ይዞ ይቆማል፤ በመካከላቸው ወታደር ጠመንጃ ይዞ ይቆማል፤ ከሦስቱ ኋላ ፀሐይ ትወጣለች። ፀሐይዋ ቀይ ናት። ብጫ ከሆነች ምክንያቱ ተብራርቶ ይቀርባል።

በነሐሴ ማለቂያ ሥዕሉ በነጠላ ተሸፍኖ አዳራሽ ገባ። ጓድ ዘውዱ ነጠላውን ገለጡ። ከሥሩ ያለውንም ለመግለጥ እጃቸውን ዘረጉ፤ ያ ሥዕሉ ራሱ መሆኑን የተረዱት ጣታቸው ቀይ ቀለም ሲነካ ነው።

ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው። ከታች ጥቁር ገብቶበታል። ከላይ ወደ ታች ሰፊ ግራጫ ሰንበር በሰያፍ ይወርዳል። አንድ ጥግ ላይ ብጫ ጠብታ አለች። ሌላ ምንም የለም።

«ጌጡ፣ ገበሬው የታለ?»

«ገበሬ የለበትም፣ ጓድ።»

«ወዛደሩስ?»

«እሱም የለም።»

«ሁለቱ ከሌሉ ወታደሩ ማንን ነው የሚጠብቀው?»

«ወታደርም የለም።»

ጓድ ዘውዱ በሩ መዘጋቱን አረጋገጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፀሐይ?»

«ፀሐይም የለችበትም። ምንም አያሳይም እኮ። ቀለም ነው። ቀዩ ቀይ ነው፤ ግራጫው ግራጫ ነው። ሰው ፊቱ ቆሞ የሚሰማው ስሜት፣ ትርጉሙ እሱ ነው።»

«እኔ ምንም አልተሰማኝም።»

«ትንሽ ይጠብቁ።»

«በዓሉ ደርሶ ምን እጠብቃለሁ! ለመሆኑ ስሙ ማን ይባላል?»

«ስም የለውም።»

ጓድ ዘውዱ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስም የሌለው ሥዕል ለእርሳቸው የቀበሌ መታወቂያ ሳይዝ ኬላ ላይ እንደተገኘ ሰው ነበር። መፍራታቸውም ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ኃላፊ «ይህ መዝሙር ምን ይላል?» ተብለው ሲጠየቁ «ዜማው ጥሩ ነው» ብለው በመመለሳቸው፣ በዚያ ሰሞን መተማ ቆላ ተዛውረው ወባቸውን ሲያስታምሙ ነበር። በዓሉን ሊከፍቱ ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት፣ ከጎንደር፣ የሚመጡት ጓድ አለሙ ደግሞ መጠየቅ የሚወዱ ሰው ናቸው። «ይህ ሥዕል ምን ያሳያል?» ማለታቸው የማይቀር ነው። መልሱ ካልተገኘ ጓድ ዘውዱ ወደ መተማ፣ ጌጡ ከነሥዕሉ ወደ ጎንደር ወህኒ ይጓዛሉ።

ስለዚህ ጌጡ ትርጉሙን እስኪያስታውስ ድረስ በቀበሌው እህል መጋዘን የማሰላሰያ ጊዜ ተሰጠው። ታሰረ ማለት ስሕተት ነው። በሩ ከውጭ የተቆለፈው ሐሳቡ እንዳይበተን ብቻ ነው።

እናቱ ወይዘሮ ዘነበች ምሳውን ቋጥረው መሥሪያ ቤት ድረስ መጡ።

«ልጄ ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም፣ እናታችን። አንድ ነገር ስሎ ምን እንደሆነ ደበቀን እንጂ።»

«ምን እንደሆነ ካላወቃችሁት ምኑ አስፈራችሁ?»

ጓድ ዘውዱ ይህን ጥያቄ ወደፊት የሚጠና ብለው አለፉት።

ሌሊቱን ሲገላበጡ አድረው፣ በማግሥቱ አንድ ታላቅ ሐሳብ መጣላቸው። በፋርጣና በአካባቢው በሬ ሲሰረቅ ወይም ክምር ሲቃጠል፣ ያገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ዳኛ ሆኖ፣ ሁሉም ተራ በተራ «ያየኸውን አውጣ» ይባል ነበር። አጥፊው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ፊት ለፊት መናገር የፈራ ለሽማግሌው በጆሮው ሹክ ይላል፤ ሽማግሌውም የተናጋሪውን ስም ሳያነሣ «ወፌ እንዲህ አለች» ብሎ ለሸንጎው ያሰማል። ይህ አውጫጭኝ ይባላል። አብዮቱ ሲፈነዳ ፊውዳላዊ ነው ተብሎ ቀርቷል።

ጓድ ዘውዱ ግን ለሠራተኞቻቸው «ፊውዳላዊ ቅርፁን አስወግደን ተራማጅ ይዘቱን እንወርሳለን» ሲሉ አስረዱ። የተወገደው ቅርፅ ሜዳው፣ ሽማግሌውና ወፏ ነበሩ። የተወረሰው ይዘትም ሜዳው፣ ሽማግሌውና ወፏ ሆነ። ልዩነቱ ሽማግሌው የሚቀመጡበት በርጩማ ላይ ቀይ ጨርቅ መነጠፉ ነው።

ዝናቡ ጋብ ባለበት በአንድ የጳጉሜ ጠዋት ሥዕሉ በሁለት ግንድ መካከል ተሰቀለ። የገበያ ቀን ስለነበር የከተማው ሰው ብቻ ሳይሆን ከጉና ግርጌ ድንችና በግ ይዞ የመጣው ገበያተኛ ሁሉ ተከበበ። ዳኛ እንዲሆኑ ከጋፋት የመጡት አያ በላይነህ ናቸው፤ በድሮው ጊዜ ስንት የበሬ ሌባ ያወጡ ሽማግሌ።

«የጠፋው ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ አያ በላይነህ።

«ትርጉም ነው፣ አባታችን» አሉ ጓድ ዘውዱ።

«ቀንድ አለው?»

«የለውም። በዚህ ሥዕል ውስጥ ተደብቋል።»

አያ በላይነህ ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ በበሬ ሌባው ዘመን በነበረው ድምፅ «ያየህ ያየኸውን አውጣ! ሳይወጣ የሚሄድ የለም!» አሉ።

መጀመሪያ የተነሣው የጨርቅ ነጋዴው ሙሳ ነው። «እኔ የማየው አቡጀዲ ነው። ጥሩ አቡጀዲ ነበር» አለና ሊቀመጥ ሲል ሳቅ ሆነ።

«ጓድ ሙሳ» አሉ ጓድ ዘውዱ፣ «ከንዑስ ከበርቴ አመለካከት ወጥተው ጠለቅ አድርገው ይዩት!»

ሙሳ ጠለቅ አድርጎ አየው። ፊቱ እየተለወጠ ሄደ። «ወላሂ... ያ ጥቁሩ ኬላ ላይ የተወረሰብኝ ጨርቅ ነው። ለሕዝብ ገቢ ሆነ ተብዬ፣ ለፋሲካ የኬላው ሹም ሚስት ለብሳው አየኋት።»

የኬላው ሹም አስቸኳይ ሥራ ትዝ አላቸውና ተነሡ። «ሳይወጣ የሚሄድ የለም» አሉ አያ በላይነህ። ተቀመጡ።

ቀጥሎ አንድ የጉና ገበሬ በዱላው ሥዕሉን እየነካ ተናገረ። «ቀዩ የኔ መሬት ነው። ይሄ ከታች የገባው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ማሳ ነው። አምና እዚህ ድረስ ነበር። ዘንድሮ ይኸው እዚህ ደረሰ።»

«ሐሰት ነው!» ብለው ጮኹ ሊቀመንበሩ ከሕዝቡ መሀል። «ያ ጥላ ነው!»

«እንግዲያስ ጥላህን ከመሬቴ አንሣልኛ!»

ከዚህ በኋላ በአያ በላይነህ ጆሮ በኩል ሰልፍ ተያዘ። ሽማግሌው እያዳመጡ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከዚያ ያሰማሉ። «ወፌ እንዲህ አለች፦ ያቺ ብጫዋ ጠብታ ለሕፃናት የመጣው የርዳታ ዘይት ናት። ጠብታ ብቻ የሆነችው ሌላው የት እንደሄደ ስለሚታወቅ ነው። ወፌ እንዲህ አለች፦ ቀዩ ቀይ ሽንኩርት ነው፤ የኅብረት ሱቁ ሰዎች በጓሮ ሲያወጡት አይታለች።»

ጓድ ዘውዱ ደስ አላቸው። ሥዕሉ የማኅበራዊ ሂስ ሥራ መሆኑ በሰፊው ሕዝብ ተሳትፎ እየተረጋገጠ ነው። የሥራ ባልደረቦቻቸው አንድ በአንድ ሲያልባቸው ማየቱም፣ አንዋሽም ካልን፣ ደስ አይልም አይባልም። ለጓድ አለሙ የሚያቀርቡትን ማብራሪያ በልባቸው እየደረደሩ ሳለ ግን ዓይናቸው ግራጫው ሰንበር ላይ አረፈ። ስለሱ እስካሁን ማንም አልተናገረም። ሰፊ ነው። በሰያፍ ይወርዳል። ብሩሹ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ትይዩ መሥመር አለው። በነሐሴ ማለቂያ ያልተሰማቸው ስሜት ያን ጊዜ ከወገባቸው ተነሥቶ ወደ ማጅራታቸው ወጣ።

«ጓዶች!» አሉ ብድግ ብለው። «በቂ ትርጉም ስለተገኘ ስብሰባው በድል ተጠናቋል!»

«ግራጫው ቀረ እኮ» አሉ አያ በላይነህ።

«ግራጫው ለሚቀጥለው ዓመት ይቆየን።»

«በአውጫጭኝ የሚቆይ ነገር የለም፣ ልጄ።»

ወይዘሮ ዘነበች ተነሡ። የዚያን ቀን ምሳ ተቋጥሮ በእጃቸው ነው።

«ግራጫው ቆርቆሮ ነው» አሉ። «ለመሠረተ ትምህርቱ ዳስ ክዳን ተብሎ የመጣው ቆርቆሮ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ፊደል የቆጠርሁት ዝናብ እየወረደብኝ ነው። ‹ሀ› ብዬ ስጽፍ በረዶ ያጠፋብኛል፤ ‹ለ› ስል ጠመኔው ይሟሟል። ቆርቆሮው የት እንዳለ እንደሁ ወፌን ማስቸገር አያሻም። ፀሐይ ስትወጣ ከጋፋት ድረስ ያብረቀርቃል።»

እንዳጋጣሚ ፀሐይ ወጣች። ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው አንገቱን አዞረ። ከሜዳው ማዶ፣ ዳገቱ ላይ፣ የጓድ ዘውዱ አዲስ ማድ ቤት ዓይን እስኪያጥበረብር ድረስ ያበራል።

«እንግዲህ ጓድ ዘውዱ» አሉ አያ በላይነህ፣ «ተራው የእርስዎ ነው። ያዩትን ያውጡ።»

ጓድ ዘውዱ ሥዕሉን አዩ። ማድ ቤቱን አዩ። ከዚያ ደረታቸውን ነፍተው፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ተናገሩ።

«ጓዶች! ይህ ሥዕል ምንም አያሳይም! መሬት የለበትም፣ ዘይት የለበትም፣ በተለይ ቆርቆሮ የሚባል ነገር የለበትም! ቀለም ነው! ቀዩ ቀይ ነው፤ ግራጫው ግራጫ ነው! ሰው የሚያየው በልቡ የተሰማውን እንጂ ሸራው ላይ ያለውን አይደለም! ከዚህ ሌላ ትርጉም የሚፈልግ ሰው የዘመናዊ ጥበብ ጠላት ነው!»

የረቂቅ ሥዕል ፍልስፍና በደብረ ታቦር ሜዳ ላይ፣ በጥሩ አማርኛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተብራራው እንዲህ ነበር። ባሕር ማዶ ሄደው ለዓመታት ያጠኑት እንኳ እንዲህ ከልባቸው አይናገሩትም፤ እነሱ የሚጨነቁለት ማድ ቤት የላቸውም።

አያ በላይነህ ወደ እናትየው ዞሩ። «ዘነበች» አሉ፣ «ልጅሽ ምን ብሎ ነበር የታሰረው?»

«ይችኑ ብሎ።»

«ግራጫው ግራጫ ነው ብሎ?»

«ቀዩም ቀይ ነው ብሎ።»

«እንግዲያ የሁለቱ ቃል አንድ ነው። ቃላቸው አንድ የሆነ ሰዎች ደግሞ በአንድ ቦታ ይቀመጣሉ። ወይ ልጁ ይውጣ፣ ወይ ጓድ ዘውዱ መጋዘን ይግቡ። ፍርዴ ይኸው ነው።»

ጓድ ዘውዱ ቁልፉን ከኪሳቸው ሲያወጡ የነበረው ፍጥነት ከዚያ በፊት በመሥሪያ ቤቱ ታይቶ አይታወቅም። የጌጡ የማሰላሰያ ጊዜም በታቀደለት መሠረት ተጠናቀቀ። ጌጡ እናቱ የያዙለትን ምሳ እዚያው መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ በላ።

በበዓሉ ቀን ጓድ አለሙ መጡ። ሙዚቃው ተመታ፤ መጋረጃው ተገለጠ። ጓድ ዘውዱ ጥያቄውን ሳይጠብቁ «ምንም አያሳይም፣ ጓድ» አሉ፤ በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ሙሉ እምነት ነበረው።

ጓድ አለሙ ሥዕሉን አዩት። ቆመው ቆዩ። ሙዚቀኞቹ የሚነፉት አልቆባቸው ከመጀመሪያው ጀመሩ። በመጨረሻ ጓድ አለሙ ወደ ጓድ ዘውዱ ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ምንም የማያሳይ ከሆነ» አሉ በሹክሹክታ፣ «የሲሚንቶውን ነገር ማን ነገራችሁ?»

ጓድ ዘውዱ ይህን ጊዜ እውነተኛ ባለሙያ ሆኑ። የጓድ አለሙን ክንድ በአክብሮት ይዘው ከሥዕሉ ራቅ አደረጓቸው። «ጓድ፣ መጀመሪያ ያስቸግራል። ዓይንዎን ጠበብ ያድርጉ። አሁን ‹ግራጫው ግራጫ ነው› ይበሉ። ይድገሙት። ይሰማዎታል?»

«ቀለል አለኝ» አሉ ጓድ አለሙ።

በዚያው ሳምንት ጓድ ዘውዱ በዕድገት ወደ ጎንደር ተዛወሩ። ሥዕሉም አብሯቸው ሄደ። ጌጡ ማስተማሩን ቀጠለ፤ ወይዘሮ ዘነበች አሁንም ዳሱ ውስጥ ዝናብ እየወረደባቸው ‹መ› ላይ ደርሰዋል። ጓድ ዘውዱ ከየአውራጃው የሚመጡ ኃላፊዎችን ሥዕሉ ፊት በረድፍ እያስቀመጡ የረቂቅ ጥበብ አስተያየት ያሠለጥናሉ። ሥልጠናው ከተጠበቀው በላይ ፍሬ አፍርቷል፤ ከዚያ የተመረቁት ኃላፊዎች ዛሬ ሥዕሉ ቀርቶ ሕዝቡን ፊት ለፊት ቆመው ሲያዩ እንኳ ምንም አያዩም።