አርባ ፈረሰኛ በስልክ

ፍርሃትና ሞባይል አንድ ኪስ ውስጥ መግባት አልነበረባቸውም። እኔ ግን ሁለቱንም ይዤ እዞራለሁ።

ያኔ ወንድ ልጄን ልድር ነበርና ዳንግላ ላለው ታናሽ ወንድሜ ደወልኩ። አርባ ፈረሰኛ ይዞ እሁድ በማለዳ እንጅባራ እንዲገባ፣ ቤቱን ከበን ልጅቷን ይዘን እንደምንወጣ ነገርኩት። እሱም እንጅባራን በሌላ ስሟ ጠርቶ፣ "ቆሰበር ትንቀጠቀጣለች!" ብሎ ፎከረ። ወዲያው ስልኩ ቋ አለና ተቋረጠ።

ሌላው ሰው ኔትወርክ ነው ብሎ ያልፋል። እኔን ግን ስልኬ ተጠልፏል ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ሬዲዮው ጧት ማታ ስለ ሽብር በሚያወራበት ዘመን፣ አርባ ፈረሰኛ የጠራ ሽማግሌ ለሠርግ ነው ቢል ማን ያምነዋል? ስልኩን ገብስ ጎታ ውስጥ ቀበርኩት። ወንድሜ ግማሹን ይስማ ሙሉውን አላወቅኩም፤ ሠርጉ ደግሞ ደርሷል። በእኛ አገር ያለ ፈረስ ሙሽራ ከማምጣት ልጁ ቆሞ ቢቀር ይሻላል።

ሳይጠሩት አቤት እንዲሉ፣ በራሴ እግር ዳኛ ወደሆነችው የእህቴ ልጅ ቤት ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና፣ "ጋሼ፣ የሰው ስልክ እኮ ገበያ አይደለም፣ ዝም ተብሎ አይገባበትም!" አለችኝ። እንዳስረዳችኝ፣ በሕጉ መሠረት ጉዳዩ የአገር ደኅንነት እንኳ ቢሆን፣ መርማሪው የማንን ስልክ በምን ጥርጣሬ መጥለፍ እንደፈለገ ለፍርድ ቤት ያስረዳል፤ ዳኛው ካመነበት ይፈቅዳል፣ ካላመነበት ይከለክላል።

እስቲ አስቡት! ሽጉጥ የታጠቀ ጎልማሳ፣ እኔ ትከሻዬ ላይ አስቀምጬ ገበያ የወሰድኳት ልጅ ፊት ቆሞ፣ "ላዳምጥ ወይ?" ይላል። እሷ ደግሞ "ለምን?" ትለዋለች። ይህችን "ለምን" ሕግ ውስጥ ያስገባ ሰው ይባረክ! ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ መሬት ላይ አለ ብዬ አልምልም፤ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ቢሆንም ኮራሁ።

ለጥንቃቄ ያህል፣ በእኔ ላይ የቀረበ ጥያቄ አለ ወይ አልኳት። ቢኖርም ባይኖርም አልነግርዎትም አለችኝ። ይህንንም አደነቅኩ፤ ትንሽ ግን አላበኝ።

ቤቴ ገብቼ ስልኩን ከጎታው አወጣሁና ጓሮ ቆሜ ደወልኩ። ስለ አርባው ፈረሰኛ፣ "ለሠርግ ነው፣ ለሠርግ!" እያልኩ ደገምኩለት። ወንድሜም እንደሚደርስ ማለልኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ፣ "ጋሼ፣ የእኔን ፈረስ ምነው ተዉት? አርባ አንድ ይበሉት እንጂ!" አለኝ።

የየትኛውን ዳኛ ፈቃድ ይዞ እንደሚያዳምጠኝ እስካሁን አልጠየቅኩትም።