ከነውሻዎ ይምጡ

በአገራችን የሰው ግቢ ሲገባ «እንደምን ዋላችሁ» ከማለት የሚቀድም ሰላምታ አለ። «ውሻ ያዙ!» የሚል። ደጅ ቆሞ፣ ዱላውን አስቀድሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» ሳይል የሚገባ እንግዳ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ከተማ ያደገ ነው። ባለቤቱም ከተቀመጠበት ሳይነሳ «ግባ፣ ግባ፣ አይናከስም» ይላል። ይህን «አይናከስም» የሚባል ቃል ልብ በሉልኝ። በዚህ አገር የተነከሰ ሰው ሁሉ ከመነከሱ በፊት የሰማው የመጨረሻ ቃል እሱ ነው።

እኔም ሰምቼዋለሁ። መንዝ፣ ሞላሌ ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን «አይናከስም» ያሉት ውሻ መቀመጫዬ ላይ ማስረጃውን ትቶልኛል፤ አውጥቼ እንዳላሳያችሁ ቦታው አይመችም። ንክሻው ቶሎ ዳነ። ጎረቤቶች አጠገቤ ቁጭ ብለው «ያብዳል»፣ «ኧረ አያብድም» እያሉ የተከራከሩብኝ ክርክርና ሆዴ ላይ በተከታታይ የተወጋሁት መርፌ ግን እስከ ዛሬ አልዳነም። አሁን ደብረ ብርሃን የመንዝ ምንጣፍና ከበግ ጸጉር የሚሠራ ባና የምሸጥ፣ ጸጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ። ውሻ ሳይ ግን መንገድ እቀይራለሁ።

«ታዲያ ለምን አትናገርም?» ትሉኝ ይሆናል። ለማን ልናገር? የመንዝ ሰው እኮ ነኝ! መንዜ ብርድ አይፈራም፣ ገደል አይፈራም፣ ሙግትማ ጭራሽ ይወዳል፤ ውሻ ፈራ ከተባለ ግን ወሬው እስከ ራቤል ይደርሳል። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ደግሞ ከውሻ ይከፋል። ውሻን ቢያንስ ዱላ ያስቆመዋል።

ወደ ነገሬ ልግባ። ልጄ ትዕግሥት ዳዊት የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ወደደች። ከእሱ በፊት አንዱ ቀለበት ካሰረላት በኋላ «ቤተሰቦቼ አልተስማሙም» ብሎ በስልክ አሰናብቷት ነበር። ያን ቀን ጓዳ ገብታ ድምፅ ሳታሰማ ስታለቅስ እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜያለሁ። ስለዚህ የዳዊት ወላጆች «ሽማግሌ ከመላካችን በፊት ቤተሰብ ለቤተሰብ እንተዋወቅ» ሲሉ ያ ቀን እንዳይደገም ፈራሁ። አባትየው አቶ መኮንን ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ እናትየው ወይዘሮ አልማዝ ይባላሉ። ትውውቁ ሆቴል ውስጥ፣ ክትፎ ቀርቦ መሰላችሁ? በድንኳን ነው! ያውም መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ፣ ውሻቸውን ይዘው።

ይህን ያመጣብኝ አቶ ሽፈራው የሚባሉ ገበሬ ናቸው። ከእሳቸው መንደር ወዲያ ያለው የጓሳ ሣር ሜዳ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ስለሆነ፣ የውሻ በሽታ እንዳይጋባባቸው ተብሎ ውሻ የያዘ ጎብኚ አይገባም። አቶ ሽፈራው እየተመለሱ የሚሄዱትን መኪኖች ከማሳቸው ዳር ሆነው ሲያዩ ከረሙና የበግ ግጦሻቸውን ከፊሉን ለድንኳን መትከያ አደረጉት። መግቢያው ላይ ቆርቆሮ ሰቅለው «ከነውሻዎ ይምጡ» ብለው አስጻፉ። ሌላው የመለሰውን ደንበኛ መሰብሰብ ደህና ንግድ ነው፤ ነጋዴ ነኝና አድንቄያቸዋለሁ። ምነው ታዲያ የዳዊትን ወላጆች ከማግኘታቸው በፊት ሌላ ቦታ በነገዱ!

ሚኒባስ ውስጥ ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አባዬ፣ አደራህን፣ ማክስን እንዳትገፈትረው።»

«ማክስ ማነው?»

«ውሻቸው ነዋ። ወይዘሮ አልማዝ ውሻችንን ያልወደደ እኛን አልወደደም ነው የሚሉት።»

«ይናከሳል?»

«ኧረ አይናከስም!»

አለቀልኝ።

ስንደርስ አጥር የለም። ሜዳው ላይ አምስት ስድስት ድንኳን ተተክሏል፤ በየድንኳኑ ደጃፍ ውሻ አለ፤ አንዱም አልታሰረም። ጥጃ የሚያህለው ማክስ ነበር። እየሮጠ መጥቶ ጫማዬን፣ ከጫማዬ ሱሪዬን፣ ከሱሪዬም አልፎ ማስረጃው ያለበትን ቦታ አሸተተ። ልጄ ታየኛለች። ፊቷ ላይ ያ የጓዳው ቀን መጣብኝ። እኔም እንደ ምሰሶ ቀጥ ብዬ «ደህና ነህ ወይ?» አልኩት። ውሻን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላም ያልኩት ያን ጊዜ ነው፤ አንቱ አለማለቴ ራሱ ይገርመኛል።

ምሳ ቀረበ። ማክስ ከዚያ ሁሉ ሰው እኔን መርጦ መጣና አገጩን ጉልበቴ ላይ ጫነ። እጄ ጉርሻ እንደያዘ ቀረ። ባነሳው ይነጥቀኛል ብዬ ፈራሁ፤ ባወርደው ፊቱ ነው። እስትንፋሱ በሱሪዬ አልፎ ይሞቀኛል። ባለቤቴ በላይነሽ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ «ብላ እንጂ» ማለቷ ነው። ወይዘሮ አልማዝ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ወደደዎት! ሰው እኮ ያውቃል!»

«እኔም…» አልኩ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ዳኛው ከእኛ ራቅ ብለዋል። ወንበራቸውን ከመኪናቸው ጎን አስጠግተው፣ እግራቸውን ሣጥን ላይ ሰቅለው፣ አንዴ ውሻውን አንዴ እኔን ያያሉ። ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። ውሻው ጉልበቴ ላይ በቆየ ቁጥር የእሳቸው ግንባር ይቋጠራል። አወቁብኝ አልኩ። ዕድሜ ልካቸውን ሐሰተኛ ምስክር ሲያዩ የኖሩ ሰው እኔን ያጣሉ? ከምሳ በኋላ ስለ ልጆቹ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ወደ ድንኳናቸው ገቡ። ትዕግሥት ቀና ሳትል ሰሃን አነሳች። ቀለበት የሌለበትን ጣቷን አየሁ።

የሌሊቱን ነገር ተዉት። ብርዱን ለምጄዋለሁ፣ ባናውም የራሴ ሱቅ ባና ነው፤ ግን ከሸራው ወዲያ አንድ አፍንጫ ሲያነፈንፍ አደረ። በላይነሽ ተኝታለች። እሷ ውሻም ዳኛም አትፈራም።

ጠዋት ጉም ወርዷል። የመንዝን ጉም ለማታውቁ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ የገዛ ጣታችሁን «ማነህ?» የምትሉበት ጉም ነው። ሆድ ደግሞ ጉም እስኪገለጥ አይጠብቅም። ከድንኳን ወጥቼ በቆርቆሮ ወደተሠራው ሽንት ቤት በዳበሳ ስሄድ አንድ ጩኸት ሰማሁ። የማክስ አይደለም። የማክስ ጩኸት የተማረ ነው። ይኼኛው ሌሊቱን ከጅብ ጋር ሲወራረፍ የሚያድር የበግ ጠባቂ ጩኸት ነው፤ ደግሞም እየቀረበ ነው። ከኋላው የአቶ ሽፈራው ድምፅ መጣ።

«በለው! በለው! ኧረ በለው!»

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። በእንግድነት የመጣሁበት ሰው ውሻ ይልክብኛል? ምን በደልኩት? ለፈሪ ሜዳ አይነሱትም ይባላል፤ መሐል ሜዳ ላይ ሜዳ ሞልቷል፤ ግን ሜዳው አይታይም፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ገደል እንዳለ ትናንት በዓይኔ አይቻለሁ። ወዲያ ብሮጥ ገደል፣ ወዲህ ብሮጥ ውሻ። ድምፁ «በለው!» ባለ ቁጥር የውሻው እግር ሣሩን ሲመታ ይሰማኛል። እናቴን ጠራሁ፤ ካረፈች ስንት ዘመኗ ነው።

በዚህ መሃል ግንባሬ ከብረት ጋር ተጋጨ። የዳኛው መኪና ነው። ጎማውን ረገጥኩ፣ መስተዋቱን ጨበጥኩ፣ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ጣሪያው ላይ እቃ ወደሚጫንበት ፖርቶመጋላ ወጣሁ። እዚያ ላይ ነጭ ነገር ተቆልሏል። ጋቢ ነው። ጋቢው ተናገረ።

«ቶሎ በል! እግርህን ሰብስብ!»

ዳኛው ነበሩ። ትናንት በ«እርስዎ» ያነጋገሩኝ ሰው ዛሬ በ«አንተ» ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። በሌላው እጃቸው ብረቱን ሙጭጭ አድርገው ይዘዋል።

«እርስዎም?» አልኩ።

«ዝም በል፣ ይሰማናል!»

ውሻው መኪናውን ዞረ። ሁለት እግሩን በሩ ላይ ሰቅሎ ሲጮኽ መኪናው ከነእኛ የተነቃነቀ መሰለኝ። ዳኛው ጋቢያቸውን ከፍለው አለበሱኝና በሹክሹክታ ተናዘዙ።

«ጡረታ ስወጣ ቤቱ ጭር አለ። አልማዝም ዝምታ አበዛች። አንድ ወዳጄ ቡችላ ቢሰጠኝ ወስጄ ሰጠኋት፤ አይታው እንባዋ መጣ። ከዚያ ወዲያ እኔ ውሻ እፈራለሁ ብዬ እንዴት ልንገራት? ይኸው ከእሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አለሁ።»

«ትናንት ታዲያ ለምን ተቆጡኝ?»

«አልተቆጣሁም፣ ሰጋሁ እንጂ! ጉልበትህ ላይ ሲተኛ አየሁና፣ ይህ ሰው ውሻ አፍቃሪ ነው፣ ልጁም ሁለተኛ ውሻ ይዛብኝ ትመጣለች ብዬ፣ ሽማግሌ ልላክ አልላክ ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ።»

ሰማችሁ? ለልጄ ብዬ የቻልኩት፣ እስትንፋሴን ይዤ የተቀመጥኩት፣ የልጄን ትዳር ሊያፈርስ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ልስቅ ፈለግሁ፤ ውሻው እንዳይሰማኝ ጋቢውን ነከስኩ። ዳኛው ይህን ምስጢር ለማንም እንዳልናገር በሚካኤል አስማሉኝ። ማልኩ።

ጉሙ እንደ መጋረጃ ድንገት ተገለጠ። ከታች ሁሉም ቆመዋል፤ ወይዘሮ አልማዝ፣ በላይነሽ፣ ዳዊት፣ እና ልጄ። አቶ ሽፈራው የውሻውን አንገት ይዘው ያለከልካሉ።

«ምነው በውሻ ታስበሉኛላችሁ?» አልኩ ከላይ ሆኜ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ስሙ ነው! በለው ስሙ ነው! ተመለስ በለው፣ ተው በለው እያልኩ እኮ ነው የምከተለው!»

በኋላ እንደሰማነው ውሻው ይህን ስም ያገኘው አቶ ሽፈራው ከጎረቤታቸው ጋር በድንበር ሲካሰሱ ነው። በባላገር የውሻ ስም ለውሻው ብቻ አይወጣም፣ ጎረቤትም እንዲሰማው ነው። ጎረቤትየው ከታረቀ ቆየ፤ ስሙ ግን አልታረቀም።

«መኮንን!» አሉ ወይዘሮ አልማዝ፣ «እዚያ ላይ ምን ትሠራላችሁ?»

ልጄን አየኋት። ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። አለቀ፣ አፈረችብኝ፣ በእኔ ምክንያት ይህም ቀረባት ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ስል ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ችሎት ላይ እንደሚቀመጡት ተቀመጡ።

«ስለ ልጆቹ እየተመካከርን ነው» አሉ። «ታች ሰው ይበዛል።»

«እና ምን አላችሁ?»

ዳኛው እኔን አዩኝ። እኔም አየኋቸው።

«ተስማምተናል። ሽማግሌ እንልካለን።»

«መቼ?»

ቁልቁል ውሻውን አዩ። «እስቲ መጀመሪያ ይኼ ይታሰር፤ በጩኸት መሃል ቀን አይቆረጥም።»

ልጄ አለቀሰች። አሁን ግን ድምፅ አውጥታ ነው፣ እየሳቀችም ነው። እኔም ከፖርቶመጋላው ስወርድ ዓይኔን አብሼ ነው የወረድኩት።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ በላይነሽ እንደ ልጇ ጆሮዬ ሥር ገባች። እሷም በማርያም አስማለችኝና፣ ወይዘሮ አልማዝ በምስጢር ያዋዩዋትን ነገረችኝ። ሴትዮዋ ውሻ አይወዱም። ቤት ሲገባ ሰውነታቸውን ይቀፋቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ሲሉ ነጠላቸው ላይ ጸጉር ይለቅማሉ። «ግን መኮንን በትዳራችን ሙሉ ሻሽ እንኳ መርጦ ገዝቶልኝ አያውቅም» ብለዋታል። «አንድ ቀን በገዛ እጁ ያመጣልኝ ነገር ውሻ ሆነ! ንዴቱ እንባዬን አመጣው። እሱ ግን ፊቱ በርቶ ያየኛል። ምን ልበለው? ለእሱ ብዬ አቀፍኩት። ለእሱ ብዬ ውሻውን ማንም እንዲንቅ አልፈልግም።»

እንግዲህ ሁለት መሐላ ይዣለሁ። ለእናንተ መናገሬስ አትሉኝም? የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ። የውሾቹን አልቀየርኩም፤ እነሱ አያነቡም።

ትዕግሥት አግብታ አዲስ አበባ፣ እነዳዊት ቤት ገባች። ልንጠይቃቸው ስንሄድ ማክስ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ይቆየናል። ዳኛው እግራቸውን ሰብስበው፣ ወይዘሮ አልማዝ ቀሚሳቸውን እያራገፉ፣ ሁለቱም «የኔ ቆንጆ» ይሉታል። አንድ ቃል ብተነፍስ ውሻው በማግስቱ ሌላ ቤት ያድር ነበር። አንዳንዴ ልናገር አፌን እከፍታለሁ። ከዚያ ወይዘሮ አልማዝ ውሻውን ሲያቅፉ ዳኛው በምን ዓይን እንደሚያዩዋቸው አያለሁ፤ ሴትዮዋም ቀና ብለው ባላቸውን ሲያዩ ፊታቸው እንዴት እንደሚፈካ አያለሁ። እንዲህ የሚተያዩ ስንት ሽማግሌ ባልና ሚስት አይታችኋል? አፌን እዘጋለሁ።

ባለፈው እሑድ ማክስ እንደ ልማዱ መጥቶ አገጩን ጉልበቴ ላይ ጫነ። ልጄ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየናለች፤ ፊቷ ወዝቷል፣ ደስ ብሏታል። እጄን ዘረጋሁና አናቱን ደባበስኩት።

«አባዬ ማክስን ሲወደው!» አለች። «ዳዊትና እኔ ደብረ ብርሃን የምታሳድገው ቡችላ አግኝተንልሃል።»

ዳኛው አንገታቸውን ደፉ።

«ምነው ልጄ» አልኩ፣ «ምን አስቸገራችሁ።»