ሰባተኛዋ ብረት

የእኛን ሰው የሚገድለው ስኳርም፣ ደም ግፊትም አይደለም። ይሉኝታ ነው! አላምንም የሚል አንባቢ ካለ፣ እስራኤል አገር ቤኤር ቱቪያ ብቅ ብሎ የምሠራበትን የጭማቂ ፋብሪካ ይጎብኝ።

እዚያ ጭማቂ የሚያሞቅ "ማሕሊፍ ሖም" የሚሉት ማሽን አለን። ስስ ስስ ዝርግ ብረቶች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው የታሰሩበት ነው። በአንዱ ብረት ወዲህ ጭማቂ፣ ወዲያ ፍል ውሃ ያልፋል፤ ሳይነካኩ ሙቀት ይለዋወጣሉ። (እንዲህ ያለ ጎረቤት ለሁላችንም ይስጠን!) ችግሩ፣ ውሎ ሲያድር ብረቱን ቅርፊት ይይዘዋል። ያኔ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ አንዱን ቀጥ አንዱን ግልብጥ እያደረጉ በየተራቸው መመለስ ነው።

አጣቢዎቹ ሁለት ነን። አለቃው እኔ፤ ረዳቴ ደግሞ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉት የገዴራው አባ ፈረደ። አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጃችን ሮኒት መጥታ ቁርጡን ነገረችን።

"ባለፈው አፍስሷል። ዛሬም ካፈሰሰ እጥበቱን ለያቭኔ ከተማው ካብላን እሰጠዋለሁ።"

ካብላን ማለት ኮንትራክተር ነው። እሱ መጣ ማለት ደግሞ አባ ፈረደ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ቤታቸው ገቡ ማለት ነው። ፈራሁላቸው፤ እውነቴን ነው።

ስለፈራሁም ቸኮልኩ። አጥበን ስንጨርስ ብረቶቹን ጥድፍ ጥድፍ እያልኩ ስመልስ፣ አባ ፈረደ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ... ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል።"

"እውነት ነው አባ!" አልኩና ቀበቶዬን አጠበቅኩ።

ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" አሉ።

ሚስቴን ያሙ መሰለኝ። "ቤሰደር፣ እሺ አባ፣ እነግራታለሁ።"

ፓምፑን አስነሳሁ። እናንተዬ!... ውሃው በብረቶቹ መሃል ተፈናጥሮ ወጣና ሮኒትን ከእግር እስከ ራሷ አጠባት። ፀጉሯን የተሠራችው ደግሞ በዚያው ጠዋት!

"ምንድን ነው ይኼ?!"

"ሰባተኛዋ ብረት ተገልብጣ ነው የገባችው" አሉ አባ ፈረደ፣ ረጋ ብለው።

"መቼ አየህ?" (ዕብራይስጥ አንቱታ አያውቅም።)

"ሲያስገባት።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከውም?!"

"እንዴት አልነገርኩትም? ሁለቴ ነገርኩት እንጂ!"

ሮኒት ወደ እኔ ዞረች። ምን አማራጭ አለኝ? ተረቶቹን ተረጎምኩላት፤ የቀበቶዬንም የሚስቴንም ነገር ጨምሬ። ከዚያ ውሃው ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ በሳቅ ፍርስ አለች።

"ካብላኑ ይቅር። ከዛሬ ጀምሮ አለቃው እሱ ነው፤ አንተ ረዳት። ለእሱ ግን ተረት ክልክል ነው! በቀጥታ ይናገር።"

ይኸው፣ አዲሱ አለቃዬ ማሽኑ እስኪታነቅ አይጠብቁም፤ በየወሩ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ጠብታ አያፈስም። ግን ጆሮዬ! "አዙራት፣ አንተ ደንባራ! ዓይንህ የት ሄዷል?" የፋብሪካው ሰው ሁሉ ይሰማል። ባለፈው ሳምንት አንጀቴ ቢያርር፣ "አባ፣ ምናለ ትንሽ ቢቆጠቡልኝ?" አልኳቸው።

በሐዘኔታ አዩኝ።

"ልጄ፣ ተቆጥቤ እኮ ነው! የቀረውን ጡረታ የወጣሁ ዕለት እነግርሃለሁ።"